ጸጋ፣ ሕግና «ባለጸግነት»

ጸጋ ማለት በግእዝ ያለ ዋጋ የተሰጠ፣ ከሰጪው ቸርነት እንጂ ከተቀባዩ ድካም ያልተገኘ ስጦታ ማለት ነው፤ «ጸገወ» ማለት በቸርነት ሰጠ ማለት ነውና። ሀብት የሚለውም ቃል «ወሀበ»፣ ይኸውም ሰጠ፣ ከሚለው ግስ የወጣ ስለ ሆነ ጥንተ ትርጓሜው ስጦታ ነው። ሀብተ መንፈስ ቅዱስ የምንለውም ስለዚህ ነው። በአማርኛችን ግን ሁለቱም ቃላት በጊዜ ብዛት ወደ ገንዘብ አዘነበሉ። ሀብታም ብለን የምንጠራው ብር ያለውን ነው፤ ባለጸጋ የምንለውም መጋዘኑ የሞላለትን ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ባለ ጠጋ» ተብሎ የሚነበበውም ይኸው ነው፤ ጸጉር ጠጉር እንደሚባል ጸ ወደ ጠ ተለውጦ ነው እንጂ ሌላ ቃል አይደለም።

አባቶቻችን ገንዘብ ያለውን ሰው ባለጸጋ ብለው መጥራታቸው አስተውሎ ለሚመለከተው ታላቅ ትምህርት አለው። በእጅህ ያለው ሁሉ የተሰጠህ ነው፤ ስለዚህ እንደ ተቀባይ ኑር እንጂ እንደ ፈጣሪ አትኩራ ሲሉ ተግሣጹን በስሙ ውስጥ አስቀመጡለት። ዛሬ ግን ይህ ስም ተገልብጦ ሲተረጎም እንሰማለን። ገንዘብ የእግዚአብሔር ጸጋ ምልክት ነው፣ ድኽነትም የእምነት ማነስ ወይም የርግማን ምልክት ነው የሚል ትምህርት በቴሌቪዥን መስኮት ዕለት ዕለት ይነገራል። በዚሁ መስኮት ሌላው ሰባኪ ተነሥቶ ጸጋ መጥቷልና ሕግ ቀርቷል ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ዐሥራትህን ካላመጣህ ቤትህ ይራቆታል እያለ በሕግ ያስፈራራል። ሰሚውም የማንኛውን ቃል ይዞ እንደሚሄድ ይቸግረዋል።

ይህ ነገር ከየትኛውም ስፍራ ይልቅ የሚከብደው በገበያ ነው። በአዲስ ከተማ ያለው መርካቶ፣ ጣሊያን አገራችንን በያዘበት ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ገበያው ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ወደ ምዕራብ ተዛውሮ የተመሠረተ፣ ስሙንም ገበያ ከሚለው የጣሊያንኛ ቃል ያገኘ ነው። ከሸማ ተራ እስከ ምናለሽ ተራ፣ ከእህል በረንዳ እስከ በርበሬ በረንዳ፣ ከበርቴውና የዕለት ጉርሱን የሚፈልገው በአንድ ደጃፍ ውለው ይገባሉ። በብዙው ሱቅ ከመደርደሪያው በላይ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል፤ ያም ባይኖር ስልክ በእጅ አለ። ባለ ሱቁም፣ ሒሳብ ያዡም፣ በደጅ ጭነት የሚጠብቀው ወዛደርም አንዱን ስብከት አብረው ይሰማሉ። ስብከቱ አንድ ሲሆን ፍሬው ግን በየሰሚው ልዩ ልዩ ነው። ባለ ሱቁ «ስለ ተመረጥሁ አገኘሁ» ብሎ ይታበያል፤ ወዛደሩ «የተጣልሁ ነኝ» ብሎ ያዝናል፤ ነግዶ የከሰረውም የዱቤ ዕዳውን ትቶ በቀረችው ገንዘብ «ዘር» ሊዘራ ይሄዳል። ነፍስ የሚጎዳበት ነገር ስለ ሆነ ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም።

1ኛ፤ ትምህርቱ ከወዴት መጣ?

ይህ ትምህርት በተለምዶ «የብልጽግና ወንጌል» ይባላል። ሥሩ ያለው በአሜሪካ ነው። (በዚህ ክፍልና በሚቀጥለው የምንጠቅሳቸው የውጭ አገር ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኢ. ደብልዩ. ኬንየን (1867-1948) የተባለው ሰባኪ አማኝ በአፉ የመሰከረውን በእጁ ያገኛል የሚል አሳብ ጻፈ፤ ኬነት ሄገንም (1917-2003) ይህን አሳብ ተከትሎ አስፋፋው። ኦራል ሮበርትስ (1918-2009) ደግሞ ለአገልግሎት የሚሰጥ ገንዘብ ዘር ነው፣ የዘራም መከሩን ከእግዚአብሔር ይጠብቅ የሚለውን አነጋገር በቴሌቪዥን አስለመደ። ከዚያም ትምህርቱ በሳተላይት ወደ አፍሪካ ተሻገረ። በእኛም ቋንቋ «ዘር መዝራት» እና «ማወጅ» የሚሉት ቃላት ከገበሬውና ከነጋሪቱ ተወስደው አዲስ ትርጓሜ ተሰጣቸው።

ፍሬውንም ዓለም አይቶታል። ጂም ቤከር የተባለው አሜሪካዊ የቴሌቪዥን ሰባኪ ሺሕ ዶላር ለሰጠ ሁሉ በየዓመቱ ሦስት ሌሊት በሆቴል ማደሪያ እሰጣለሁ እያለ ሆቴሉ ሊይዝ ከሚችለው በላይ ለሆኑ ብዙ ሰዎች ሸጠ። በ1989 በ24 የማጭበርበርና የሤራ ክሶች ጥፋተኛ ሆኖ 45 ዓመት ተፈረደበት፤ ኋላም ቅጣቱ ተቀንሶለት በ1994 ተፈታ። በ1996 ባወጣው መጽሐፍ፣ በእስር ቤት መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ካነበበ በኋላ፣ ያስተምረው የነበረው የብልጽግና ስብከት ከክርስቶስ ቃል ጋር እንደማይስማማ መሰከረ። በእጁ የሌለውን ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ በመርካቶ ምን ስም እንደሚሰጠው አንባቢ ያውቃል።

ይህን የጻፍነው ሌላውን ወገን ለመንቀፍ አይደለም። ከእነርሱም መካከል ብዙዎች ተቃውመውታልና። ሄገን ራሱ በ2000 ባወጣው መጽሐፍ በገንዘብ ስብከት ላይ የሚታየውን ልክ ማጣት ገሥጿል። የሎዛን ንቅናቄ የነገረ መለኮት ጉባኤ የአፍሪካ ክፍልም በ2008 እና በ2009 በጋና አክሮፖንግ ተሰብስቦ፣ ይህን ትምህርት አጥብቀው የሚሰብኩ ሰዎች የመጽሐፍን ቃል እጅግ እንደሚያጣምሙ በጽሑፍ አስታውቋል። እንግዲህ ጥያቄው የወንጌል ጥያቄ ነው እንጂ የወገን ጥያቄ አይደለም።

2ኛ፤ ጸጋ ሕግን ሻረን?

ሕግ ቀርቷል የሚለው ስብከት በዘመናችን በስፋት የተሰማው ከሲንጋፖር ነው። በዚያ የሚያስተምረው ጆሴፍ ፕሪንስ በ2007 ባወጣው መጽሐፉና በቴሌቪዥን ስብከቱ፣ አማኝ ያለፈውም የሚመጣውም ኀጢአቱ ስለ ተሰረየለት ይቅርታ ለማግኘት ዘወትር መናዘዝ አያስፈልገውም ይላል። በአሜሪካ ማይክል ብራውን የተባለው የወንጌላውያን መምህር በ2014 መጽሐፍ ጽፎ ይህን አነጋገር ተከራክሮበታል። ክርክሩ አዲስ ይምሰል እንጂ አሮጌ ነው። ጸጋ እንዲበዛ በኀጢአት እንቆይን? ብሎ ጠይቆ ከቶ አይሁን ሲል ያስተማረው ቅዱስ ጳውሎስ ነው (ሮሜ 6፥1-2)።

ሐዋርያት በኢየሩሳሌም ተሰብስበው ከአሕዛብ ያመኑትን ከግዝረትና ከኦሪት ቀንበር ነጻ ሲያደርጉ፣ በዚያው ደብዳቤ ለጣዖት ከተሠዋ፣ ከደም፣ ከታነቀና ከዝሙት እንዲርቁ አዘዙ (ሐዋ. 15፥28-29)። አንዱ ብዕር ነጻነትንም ትእዛዝንም ጻፈ። ጌታችንም ሕግን ሊፈጽም እንጂ ሊሽር እንዳልመጣ ነግሮናል (ማቴ. 5፥17)። ለቲቶ የተጻፈው መልእክት ደግሞ ጸጋን እንደ መምህር አድርጎ ያሳየናል፤ ዓለማዊውን ምኞት ትተን በጽድቅ እንድንኖር የሚያስተምረን ራሱ ጸጋ ነው ይላልና (ቲቶ 2፥11-12)። ተማሪውን ከትምህርት የሚያሰናብት መምህር የለም።

ነገሩን በምሳሌ ብንገልጠው ሕግ እንደ ሚዛን ነው። ሚዛን ጉድለትን ያሳያል እንጂ ጉድለትን አይሞላም። በእህል በረንዳ መቶ ኪሎ ነው የተባለ ጆንያ ሰማንያ ቢመዝን፣ ሚዛኑን መቶ ጊዜ ብናወጣውና ብናወርደው ጆንያው አይሞላም። የጎደለውን የሚሞላ ሌላ እጅ ያስፈልጋል፤ እርሱም ጸጋ ነው። ስለዚህ በሕግ ብቻ እጸድቃለሁ የሚል ሰው በሚዛን እህል ሊያበቅል እንደሚሻ ነው። ነገር ግን ጆንያው በቸርነት የተሞላለት ሰው ሚዛኑን ሰብሮ ቢጥል ነገ በምን ይመዝናል? ጉድለቱንስ በምን ያውቃል? ሕግን የሚጥል ጸጋን ያከበረ ይመስለዋል፤ የሚጥለው ግን ጸጋን እንዲሻ ያደረገውን ምስክር ነው።

ጸጋና ሕግ ተስማምተው የሠሩበትን ቤት ማየት የሚወድ ወደ ዘኬዎስ ቤት ይሂድ (ሉቃ. 19፥1-10)። ዘኬዎስ የቀራጮች አለቃ፣ ሀብቱም በግፍ የተቀላቀለ ነበር። ጌታችን ወደ ቤቱ ሲገባ አስቀድሞ የከፈለው ነገር አልነበረም፤ ዘርም አልዘራም፤ አላወጀምም። በዛፍ ላይ ሳለ በስሙ ተጠራ። ይህ ጸጋ ነው። ጸጋው በገባ ጊዜ ግን ዘኬዎስ ተነሥቶ የገንዘቡን እኩሌታ ለድኾች፣ በግፍ ለወሰደውም አራት እጥፍ ሰጠ። አራት እጥፍ የተባለው ኦሪት በግ ሰርቆ ባረደ ላይ የፈረደችው ነው (ዘፀ. 22፥1)። ማንም ሳያስገድደው የሕጉን ከባድ ፍርድ በራሱ ላይ ፈረደ።

ሒሳብ ያዥ ያስላው። ዘኬዎስ መቶ ብር ኖሮት እንደ ሆነ ኀምሳው ለድኾች ይሄዳል። በቀረው ኀምሳ ላይ የዐሥር ብር ግፍ ቢገኝበት አርባ ይከፍላል። ዐሥር ብር ይቀረዋል። እንግዲህ ጸጋ በቤቱ በገባበት ቀን ሀብቱ ቀነሰ እንጂ አልጨመረም። ጌታችንም መዳን ለዚያ ቤት ሆነ ያለው በዚያው ቀን ነው።

3ኛ፤ «ዘር» እና መከር

ብልጽግናን የሚሰብኩ ሰዎች የጸጋን ስም አብዝተው ይጠራሉ። ሥራውን ስንመረምር ግን ጸጋ ሳይሆን ንግድ ሆኖ እናገኘዋለን፤ ይህን ያህል ስጥ፣ ይህን ያህል ትቀበላለህ የሚል ነውና። ዋጋ የተቆረጠበት ነገር ስጦታ አይባልም። ከንግድም አልፎ ከኦሪት የከበደ ሕግ ነው። ኦሪት ከተሰበሰበው መከር ዐሥራት ትጠይቃለች፤ ይህ አዲስ ሕግ ግን ከብድርም ይጠይቃል። ኦሪት በየሦስት ዓመቱ የሚከማቸውን ዐሥራት ሌዋዊውና መጻተኛው፣ የሙት ልጅና መበለቲቱ እንዲበሉት አዘዘች (ዘዳ. 14፥28-29)፤ ይህ ግን ከመበለቲቱ ይወስዳል። ኦሪት የእርሻውን ዳር ለድኻ ተዉለት ብላለች (ዘሌ. 19፥9-10)፤ ይህ ግን ለድኻው የሚተውለት ዳር የለውም። ሰጥቶ ያላገኘውም ሰው የሚሰማው መልስ እምነትህ ጎድሏል የሚል ነው። የሚያስከፍል፣ ባይሳካም ከፋዩን የሚከስ ሕግ ሙሴ አልጻፈም።

ስለ ዘር የሚጠቅሱት የቆሮንቶስ መልእክት (2ኛ ቆሮ. 9፥6) ስለ ምን እንደ ተጻፈ መጠየቅ ይገባል። ሐዋርያው በዚያ ምዕራፍ የሚናገረው በኢየሩሳሌም ለተቸገሩ ቅዱሳን ስለሚሰበሰብ ርዳታ ነው። ከዚያ በፊት ባለው ምዕራፍ፣ ክርስቶስ ባለጸጋ ሳለ ስለ እኛ ድኻ ሆነ ማለቱም (2ኛ ቆሮ. 8፥9) ያለው ለሌለው እንዲያካፍል ለማነቃቃት ነው። እንግዲህ ለተራቡት የተጻፈውን ቃል ወስዶ ለሰባኪው ከረጢት ማድረግ ቃሉን ከቦታው መንቀል ነው። ጳውሎስ ራሱ ያን ገንዘብ ብቻውን አልያዘም። ነቀፋ እንዳያገኘው አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ሰው አብሮት እንዲሄድ አደረገ (2ኛ ቆሮ. 8፥19-21)። ሐዋርያ ሲሆን ምስክር ከፈለገ፣ ያለ መዝገብና ያለ ደረሰኝ የሚሰበስብ ማን ነው? የእኛም ቤተ ክርስቲያን ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ በቃለ ዓዋዲ የሰበካ ጉባኤን ሥርዓት ያቆመችው የምእመናን ገንዘብ በካህናትና በምእመናን ፊት እንዲቆጠር ነው።

የነቢዩ ኤልሳዕ ሎሌ ግያዝ የብዙዎች ትምህርት ይሁን። ሶርያዊው ንዕማን ከለምጹ በነጻ ዳነ፤ ነቢዩም እጅ መንሻውን አልቀበልም አለ። ግያዝ ግን ከኋላ ሮጦ ሁለት መክሊት ብርና ሁለት መለወጫ ልብስ በሐሰት ተቀበለ፤ ከብሩም ጋር ለምጹን ወረሰ (2ኛ ነገ. 5)። ነቢዩ በነጻ የሰጠውን ሎሌው ሸጠው። ሲሞን መሠርይም የመንፈስ ቅዱስን ሀብት በገንዘብ ሊገዛ አስቦ በጴጥሮስ ተወገዘ (ሐዋ. 8፥18-24)። ያ ጴጥሮስ ብርና ወርቅ እንደሌለው ተናግሮ አንካሳውን ያስነሣ ነው (ሐዋ. 3፥6)። ኪሱ ባዶ፣ ጸጋው ግን ሙሉ ነበር።

4ኛ፤ ሀብት ሲጠፋ ጸጋ ጠፋን?

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ እሳት ተነሥቶ ብዙ ሱቆችን አጠፋ። በአንድ ሌሊት የዘመን ድካም አመድ የሆነበት ነጋዴ ጥቂት አይደለም። ገንዘብ የጸጋ ምልክት ነው የሚል ሰው ለእነዚህ ሰዎች ምን ይላቸዋል? ጸጋችሁ ከምሽቱ ጋር ተቃጠለ ይላልን? እሳቱ ያልደረሰበትስ ጎረቤት ጻድቅ ሆኖ ነውን? የሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለ ሞቱት ዐሥራ ስምንት ሰዎች ጌታችን የተናገረው ለዚህ ጥያቄ መልስ ነው፤ ከሌሎቹ ይልቅ በደለኞች ስለ ነበሩ አልሞቱም (ሉቃ. 13፥4-5)። የኢዮብም ወዳጆች መከራህ ከበደልህ ነው እያሉ በክርክር አድክመውታል፤ በመጨረሻ ግን በእግዚአብሔር የተገሠጹት ከሳሾቹ ናቸው (ኢዮ. 42፥7)። ሱቁ ለተቃጠለበት ሰው የሚያስፈልገው የጎረቤት እጅ፣ የእድርና የእቁብ ማኅበርተኛ ትዕግሥት ነው እንጂ የእምነቱ ምርመራ አይደለም።

ከሁሉም የሚበልጠው ምስክር ግን የእመቤታችን ነው። ሴት ወንድ ልጅ በወለደች ጊዜ የመንጻቷ ቀን ሲፈጸም አንድ ጠቦት ታቀርብ ዘንድ ኦሪት ታዝዛለች፤ ለጠቦት አቅም ያጣች ግን ሁለት ዋኖስ ወይም ሁለት የርግብ ጫጩት ታቅርብ ትላለች (ዘሌ. 12፥8)። ጌታችን ወደ ቤተ መቅደስ በገባ ጊዜ የቀረበለት መሥዋዕት ይህ የድኾች መሥዋዕት ነው (ሉቃ. 2፥24)። መልአኩ ጸጋን የተመላሽ ሆይ ብሎ ያመሰገናት፣ ቤተ ክርስቲያንም ምልዕተ ጸጋ እያለች የምታከብራት እናት የጠቦት ዋጋ አልነበራትም። የዓለምን በግ በክንዷ ታቅፋ ስለ በግ ፈንታ ርግብ አቀረበች። ጸጋ በገንዘብ የሚታወቅ ከሆነ የእርሷን ጸጋ በምን እንመዝነዋለን? በደጅ ጭነት የሚጠብቀው ወዛደር ይህን ይስማ፤ የተጣለ አይደለም።

ይህን ስንል ድኽነት በራሱ ጽድቅ ነው፣ ሀብትም በራሱ ኀጢአት ነው አንልም። አብርሃም ባለ ብዙ ከብት ነበረ፤ የአርማትያሱ ዮሴፍም ባለጠጋ ሲሆን የጌታን ሥጋ በአዲሱ መቃብሩ አሳረፈ (ማቴ. 27፥57-60)። ሠርቶ ማግኘት፣ ሠራተኛ ቀጥሮ ማሠራት፣ ልጆችን ማስተማር የተመሰገነ ነው። የተነቀፈው የሀብት መኖር ሳይሆን ሀብትን የጽድቅ ማስረጃ ማድረግ ነው።

5ኛ፤ ወደ ራሳችን ቤት እንመልከት

በሌላው መስኮት የሚታየው ጉድፍ በእኛም ቤት አለ። ስለት የምስጋና ቃል ኪዳን ሲሆን፣ ይህን ካደረግህልኝ ይህን እሰጥሃለሁ እያሉ ከቅዱሳን ጋር እንደ ገበያ ዋጋ የሚከራከሩ አሉ። ጠበሉን በነጻ የሰጠው እግዚአብሔር ሆኖ ሳለ፣ በስልክና በቴሌቪዥን ፈውስን እያስነገሩ የባንክ ሒሳብ ቍጥር የሚያስከትሉ አሉ። በየዐውደ ምሕረቱም ጥሩ የለበሰውን ወደ ፊት፣ ያደፈ የለበሰውን ወደ ኋላ ማድረግ በሐዋርያው ያዕቆብ የተወገዘ ነው (ያዕ. 2፥2-4)። ከጎደለ ሚዛን የተገኘ ገንዘብ ለቤተ ክርስቲያን በር ማሠሪያ ቢሰጥ ሚዛኑን አያቃናውም፤ መጽሐፈ ሲራክም ከድኻ ተነጥቆ የሚቀርበውን መባ እጅግ ይነቅፈዋልና። ንስሓ ገባሁ ብሎ የወሰደውን ያልመለሰ ሰውም፣ ጸጋ ሕግን ሻረ ከሚለው ሰባኪ ጋር በቃል ይጣላ እንጂ በሥራ አንድ ነው።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በአንጾኪያ ስለ ነዌና ስለ አልዓዛር ሲያስተምር፣ ባለጠጋው የተፈረደበት የአልዓዛርን ገንዘብ ስለ ሰረቀ ሳይሆን ከራሱ ስላላካፈለው መሆኑን ገልጦ፣ አለማካፈልም ራሱ ቅሚያ ነው ብሎ ነበር። የአልዓዛር ስፍራ በደጃፍ ነው፤ በመርካቶም ደጃፍ ብዙ አልዓዛር አለ።

ስለዚህ ነጋዴ ሆይ፣ እግዚአብሔርን ደስ የሚያሰኝ መባ ለማቅረብ ብትወድ በዚህ ጀምር። ሚዛንህን አስተካክል፤ ጎደሎ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ ነውና (ምሳ. 11፥1)። የተሸካሚውን የላብ ዋጋ ፀሐይ ሳይገባ ክፈል (ዘዳ. 24፥15)። ዱቤ ካለብህ ለባለ ገንዘቡ መልስ እንጂ በሰው ገንዘብ ቸር አትሁን። የእቁብ ዕጣ ቢወጣልህ ቀሪው የማኅበርተኞችህ ዕዳ መሆኑን አትርሳ፤ ሰባኪ ዝራው ቢልህ የአንተ ብቻ አይደለም በለው። ለቤተ ክርስቲያን ስትሰጥ በደረሰኝ ስጥ፤ ለድኻ ስትሰጥ ግን ግራህ ቀኝህን እንዳያውቅ አድርገህ ስጥ (ማቴ. 6፥3)። ከሰጠህም በኋላ ትርፍ አትጠብቅ፤ የሰጠኸው ተሰጥቶህ ነውና።

ካህን ሆይ፣ ባለጠጋውን ስለ ስጦታው አታቆላምጠው፤ ስለ ሚዛኑ ጠይቀው። ድኻውንም ስለ እጦቱ አትውቀሰው፤ ምልዕተ ጸጋ ያቀረበችውን መሥዋዕት አስረዳው። አንተ በዐውደ ምሕረት ያልነገርኸውን ምእመን ከሱቁ ቴሌቪዥን ይማረዋል።

ያለ ዋጋ የተቀበልነውን ያለ ዋጋ እንድንሰጥ፣ ሕጉን በጸጋው ኀይል እንድንፈጽም፣ በጎደለብንም ጊዜ እንዳንክደው፣ በሞላልንም ጊዜ እንዳንረሳው የእግዚአብሔር ቸርነት ይርዳን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።